ልጅ ምረጡ እንጂ ጫማ አትምረጡ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሩጫ ማጣሪያዎቻችን ላይ ዓይን ያወጣ በደል ሲፈጸም ቆይቷል፤ ሁላችንም እያየን ዝም ብለናል። ከእኛ ኢሉባቦር፣ ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከያዮ፣ ከሁሩሙ፣ ከቡሬ የመጣ ታዳጊ በሰልባጅ ስኒከር ወይም ሶሉ በማስቲሽ በተያያዘ ሸራ ጫማ መነሻው ላይ ይቆማል። አጠገቡ የቆመው የካርቦን ጫማ አድርጓል። ሽጉጡ ይተኮሳል፤ ሁለቱም ይሮጣሉ፤ ሰዓት ያዡ ሁለት ቁጥር ይጽፋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እነዚያ ሁለት ቁጥሮች የሁለት ልጆች አቅም ተደርገው ይነበባሉ። ክለብ በእነሱ ይመርጣል፣ ማሠልጠኛ ማዕከል በእነሱ ይቀበላል፣ ማናጀር በእነሱ ስልክ ያነሳል። እኔ ግን ያ ወረቀት ውሸት ነው እላለሁ። የተለካበት የልጅና የጫማ ድምር ነው፤ ጫማው ደግሞ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

በባዶ ስሜት አልተነሳሁም። እ.ኤ.አ. በ2017 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ናይኪ ቬፐርፍላይ የተባለውን ጫማ ለገበያ አወጣ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 18 ጎበዝ ሯጮችን አሩጠው የዚህን ጫማ ናሙና በዘመኑ ከነበሩት ሁለት ምርጥ የማራቶን ጫማዎች (አንዱ የአዲዳስ፣ ሌላው የናይኪ) ጋር አወዳደሩት። ክብደት ሰበብ እንዳይሆን ሦስቱንም ጫማዎች እኩል እንዲመዝኑ አደረጉ። ያም ሆኖ አዲሱን ያደረገ ሯጭ በዚያው ፍጥነት ለመሮጥ የሚያወጣው ጉልበት በአማካይ በ4 በመቶ ግድም ቀነሰ። ምክንያቱ ሶሉ ውስጥ ነው። አዲሱ ስፖንጅ ሲረገጥ ከሚውጠው ጉልበት 87 በመቶውን መልሶ ለእግር ይሰጣል፤ የአዲዳሱ ጫማ 76 በመቶ፣ የናይኪው የቀድሞ ጫማ ደግሞ 66 በመቶ ብቻ ነበር የሚመልሱት። በስፖንጁ መሐል የተቀበረው የተቆለመመ የካርቦን ዝርግ በበኩሉ ጫማው ጣት ላይ እንዳይታጠፍ አጠንክሮ ይይዘዋል። 4 በመቶ ጉልበት ማለት 4 በመቶ ሰዓት ማለት አይደለም፤ ያን አውቃለሁ። ነገር ግን በ10 ሺህ ሜትር ማጣሪያ የሚመረጠውንና ወደ ቤቱ የሚሸኘውን ልጅ የሚለየው ስንት ሰከንድ እንደሆነ ሜዳው ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

የድሮው ጫማ ሌላ ነገር ነበር። የጥሩ ሩጫ ጫማ መለኪያው ቅለትና ስስነት ነበር፤ ሶሉ በሳሳ ቁጥር ሯጩ ደስ ይለው ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የገባው በእንደዚያ ያለ ስስ ጫማ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 የ5 ሺህ ሜትሩን 12:37.35፣ በ2005 የ10 ሺህ ሜትሩን 26:17.53 ያደረገው ካርቦንም ተአምረኛ ስፖንጅም በሌለው እስፓይክ ነው። ሁለቱ ክብረ ወሰኖች በቅደም ተከተል 16 እና 15 ዓመት ያህል ማንም ሳይደርስባቸው ቆዩ። በ2020 ግን በሁለት ወር ልዩነት ሁለቱም ወደቁ። የጥሩነሽ ዲባባ የ2008ቱ 14:11.15 ደግሞ የ10 ሺህ ሜትሩ ክብረ ወሰን በተሰበረበት በዚያው የቫሌንሺያ ምሽት፣ በለተሰንበት ግደይ 14:06.62 ተተካ። እርግጥ ነው የፍጥነት መብራትም አሯሯጭም ነበሩ። ለተሰንበት ደግሞ ጫማ የሠራት ሯጭ አይደለችም፤ ያን የሚል ሰው ሩጫ አያውቅም። የኔ ክርክር ሌላ ነው። አልማዝ አያና በ2016 ሪዮ ላይ በድሮው እስፓይክ 29:17.45 ገባች፤ ለተሰንበት በ2021 ሄንገሎ ላይ በአዲሱ ዘመን ጫማ 29:01.03 ገባች። ከሁለቱ በእውነት ማን ትፈጥናለች? በዓለም ላይ ይህን የሚመልስ አንድም ሰው የለም። ለዓለም ጀግኖች እንዲህ ከጨለመ፣ ስሙ ላልታወቀ የ16 ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚጨልም አስቡት።

ራሱ ቀነኒሳ በ2016 በርሊን ላይ 2:03:03 ሮጠ። በ2019፣ በ37 ዓመቱ፣ እዚያው በርሊን ላይ በአዲሱ የናይኪ ጫማ 2:01:41 ገባ። ሰውየው በሦስት ዓመት አርጅቷል፤ ሰዓቱ ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጣት ሆነ። የቀነኒሳን ልፋት ከማንም በላይ አከብራለሁ፤ የዚያን ቀን ብቃቱን ጫማ ብቻ ያመጣው አይደለም። ግን ጫማው ምንም ድርሻ የለውም ብሎ ዓይኔን እያየ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። መቱ 1,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ከዚያ ወደ ጎሬ የሚወስደው መንገድ እየወጣ እየወጣ 2,000 ሜትር ድረስ ያደርሳል፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጆቻችን ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡት በዚህ መንገድ ነው፤ የጋምቤላ ጭነት መኪና በአንድ ወገን፣ ባጃጅ በሌላው እያለፋቸው። ሌላው ዝናቡ ነው። ኢሉባቦር ከአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ቀዩ ጭቃ ጫማ ላይ ሲጣበቅ እያንዳንዱ እግር የራሱን ክብደት እጥፍ የሚሆን ይመስላል። ሜዳ የምንለው ሣርና ጭቃ ነው፤ ከተነጠፈ መም ጋር የሚተዋወቁት ብዙዎቹ ማጣሪያ የሄዱ ቀን ነው። የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ልጁ ከሩጫ በፊት ጫካ ነው የሚገባው። ቅርጫት ተሸክሞ ውሎ ማታ የሚሮጥ ልጅ አለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ ሌላ ቦታ የተሻለ ነገር ካለው ልጅ እኩል ሰዓት የሚያመጣ ከሆነ፣ ያ ልጅ እኩል አይደለም፤ ይበልጣል! ወረቀቱ ግን እኩል ይለዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያነሰ ይለዋል፤ ምክንያቱም ከሥሩ ያለው ሶል የዛሬ ሦስት ዓመት ያለቀ ነው።

የካርቦን ጫማ ዋጋው ምን ያህል ነው? ቬፐርፍላይ ሲወጣ 250 ዶላር ነበር፤ በዛሬው ምንዛሪ ከ30 ሺህ ብር ይበልጣል። አዲዳስ በ2023 ያወጣው አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1 ደግሞ 500 ዶላር ተሸጠ። ትዕግስት አሰፋ በዚያው ዓመት በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰባበረችው በዚህ ጫማ ነው። ክብደቱ 138 ግራም ነው፤ ኩባንያው ራሱ የሠራሁት ለአንድ ማራቶንና ለትንሽ ማለማመጃ ነው ብሏል። ለአንድ ውድድር! የመቱ እናት የዓመት ቡናዋን ሸጣ ለልጇ የአንድ ጠዋት ጫማ ትግዛለት? አንዳንዱ ወላጅ ተበድሮ ይሞክራል፤ ለልጁ ይዞ የሚመጣው ደግሞ መልኩ የካርቦን፣ ውስጡ ተራ ላስቲክ የሆነ ፎርጅድ ነው። ብድሩ ይቀራል፤ ጫማው በሁለት ዝናብ ይላቀቃል።

አንዲት ልጅ አሠለጥን ነበር። በጎሬ አቀበት ላይ ማንም አያስቆማትም። ወደ አንድ ማጣሪያ ወሰድኳት፤ እስከ መጨረሻው ዙር መርታ በመጨረሻ ተቀደመች። የቀደመቻት ልጅ አዲስ ወፍራም እስፓይክ ነበራት፤ የኔዋ ከሌላ ልጅ የተዋሰችው፣ ጥርሱ የጎደለ አሮጌ እስፓይክ። በመመለሻው አውቶቡስ ላይ በደሌ እስክንደርስ ድረስ አልተናገረችም። ከዚያ “ባርሲሳ (በኦሮምኛ መምህር ማለቷ ነው)፣ ያሸነፈችኝ እሷ ናት ወይስ ጫማዋ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም፤ ለዚያች ልጅ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ግን ማጣሪያውን ያዘጋጀው አካል ነው። ውድድር የሚዘጋጀው ይህ ጥያቄ እንዳይኖር ነው። ተሸናፊ ልጅ “በልጣኛለች” ብላ አምና ወደ ልምምድ መመለስ መቻል አለባት። ይህችኛዋ ወደ ልምምድ አልተመለሰችም።

ስለ ደራራ ሁሪሳም ልንገራችሁ። በመስከረም 2021 የቪየና ማራቶንን በ2:09:22 አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ብዙም ሳይቆይ ድሉን ተነጠቀ፤ ሦስት ሰከንድ ከኋላው የገባው ኬንያዊ አሸናፊ ተባለ። ጥፋቱ ምን ነበር? የዓለም አትሌቲክስ በ2020 ባወጣው ደንብ የጎዳና ውድድር ጫማ ሶል ከ4 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የደራራ ጫማ 5 ሴንቲ ሜትር ነበር። አንድ ሴንቲ ሜትር የአንድ ኢትዮጵያዊን ድል ቀማ! ደንቡ ትክክል ነው፤ አልቃወመውም። የምቃወመው ይህንን ነው፦ ቪየና ላይ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሰው ከተሰረዘ፣ በእኛ ማጣሪያ ላይ በአንዱ ልጅ ሶልና በሌላው ልጅ ሶል መካከል ያለውን የሦስት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅና አንድ የካርቦን ዝርግ ለምን ማንም አይጠይቅም? የዓለም ደንብ የላይኛውን ጣሪያ ብቻ ይገድባል፤ ስለ ወለሉ ምንም አይልም። እኛ ያለነው ደግሞ ወለሉ ላይ ነው።

“ታዲያ ምን ይደረግ፣ ቴክኖሎጂን ማቆም ይቻላል?” የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ በውድድር ውስጥ ይቻላል፤ ሌሎች አድርገውታል። ለመቱ ሰው እንግዳ የሚሆን ምሳሌ ልስጥ። ዊንድሰርፊንግ የሚባል ስፖርት አለ፦ ሰው ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ ብቻ ውኃ ላይ ይሽቀዳደማል። ከ1984 ጀምሮ ኦሊምፒክ ውስጥ ገብቷል። በዚህ ስፖርት አሮጌና አዲስ ዕቃ ያላቸው ልዩነት ከጫማ በብዙ እጅ የከፋ ነው። ከ1996 እስከ 2004 በኦሊምፒክ ያገለገለው ሚስትራል ሰሌዳ 3.72 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ነገር ነበር፤ ሸራው 7.4 ካሬ ሜትር። ከ2008 ጀምሮ አርኤስ ኤክስ የተባለው መጣ፤ አጠረ፣ ሰፋ፣ የወንዶቹ ሸራ ወደ 9.5 ካሬ ሜትር አደገ። በፓሪስ 2024 ደግሞ አይኪውፎይል የሚባለው ተተካ፤ ርዝመቱ 2.20 ሜትር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ውኃ ውስጥ የሚገባ ክንፍ ስላለው ፍጥነት ሲያገኝ ሰሌዳው ጭራሽ ከውኃው ብድግ ብሎ በአየር ላይ ይሄዳል። የዓለም ምርጥ የሆነውን ሰው በሚስትራል ላይ አስቁማችሁ፣ መካከለኛውን ተወዳዳሪ በአይኪውፎይል ላይ ብታስቆሙት፣ በቂ ነፋስ ካለ መካከለኛው ጥሎት ይጠፋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ምን አደረጉ? በአንድ ኦሊምፒክ ሁሉም ወንድ በአንድ ዓይነት ሰሌዳና ሸራ፣ ሁሉም ሴት በአንድ ዓይነት ሰሌዳና ሸራ ይወዳደራል ብለው ደነገጉ። ያሸነፈው ሰው ነው፤ ማንም ሰሌዳውን አይጠረጥርም። (ጣጣ የለውም አልልም፤ ሰሌዳው በተለወጠ ቁጥር ድሃ አገሮች ያለውን ጥለው እንደገና ይገዛሉ። መነሻው መስመር ላይ ግን ፍትሕ አለ።) ነፋስና ማዕበል ያለበት ስፖርት ዕቃን እኩል ለማድረግ ከቻለ፣ በእግር የሚሮጥ ስፖርት እንዴት ያቅተዋል?

ዋናተኞችም አድርገውታል። በ2009 ሮም ላይ ሙሉ ሰውነት በሚሸፍን የፕላስቲክ ልብስ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች በአንድ ሻምፒዮና ተሰበሩ። ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ልብሱ ታገደ። ውኃውም ዋናውም አሁንም አሉ።

ከሌላ ወገን ደግሞ የሚያበሳጨኝ ክርክር አለ፤ ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው። “አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፏል፤ የድሃ ልጅ ጫማ አያስፈልገውም፤ ድህነቱ ነው የሚያጠነክረው” ይላሉ፤ እንዲህ የሚሉት ብዙ ጊዜ ጥሩ ጫማ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው። ሰዓቱ 2:15:16 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገባ፤ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ። የአበበን ባዶ እግር እንደ ጌጥ አንጠልጥሎ የዛሬውን የኢሉባቦር ልጅ በባዶ እግር ማስቀረት አበበን መስደብ ነው። እኔ የምጠይቀው ልጆቼ ከጫማ እንዲርቁ አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ እንዲያደርጉ ነው።

“ወደ ውጭ ሲወጡ የካርቦን ጫማ ይጠብቃቸዋል፤ ከልጅነት ካልለመዱት ይጎዳሉ” የሚለውም አያሳምነኝም። ልጁ ከተመረጠ፣ ክለብ ከገባ፣ ማናጀር ከያዘው ጫማውን ኩባንያው በሳጥን ይልክለታል፤ ለመልመድ ዓመታት አይፈጅም። ችግሩ ሳይመረጥ መቅረቱ ነው። ሌላም ጉዳይ አለ። እነዚህ ጫማዎች ለሁሉም ሯጭ እኩል አይጠቅሙም። በዓለም ደረጃ ባሉ ኬንያውያን ሯጮች ላይ የተደረገ ጥናት አንዱ ብዙ ሲያተርፍ ሌላው ጭራሽ እንደሚከስር አሳይቷል። እንግዲህ በካርቦን ጫማ የሚደረግ ማጣሪያ ከገንዘብም አልፎ የማን እግር ከየትኛው ስፖንጅ ጋር እንደሚስማማ ነው የሚመርጠው። በመቱ ገበያ ቡና በሚመዘንበት ሚዛን ሥር ነጋዴ ድንጋይ ቢያስቀምጥ ገበሬው ዝም ይላል? የልጁ የአራት ዓመት ልፋት ሲመዘን ግን ዝም እንላለን።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ከ20 ዓመት በታች በሚደረጉ የወረዳ፣ የዞን፣ የክልልና የአገር አቀፍ ውድድሮች ሁሉ አንድ የጫማ ደረጃ ይደንገግ፦ ካርቦን የሌለው፣ ሶሉ ስስ፣ ስፖንጁ ተራ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ። አሰላ ላይ ሲደረግ በቆየው የወጣቶች ሻምፒዮናም ይኸው ይሁን። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በ2024 መጨረሻ የተረከበው ስለሺ ስህን ነው፤ በአቴንስና በቤጂንግ የ10 ሺህ ሜትር ብር ያመጣልን ሰው። ከቀነኒሳ ኋላ የገባው በተመሳሳይ ዘመን እስፓይክ ሮጦ፣ በሰው ተበልጦ እንጂ በጫማ ተበልጦ አይደለም። ስለዚህ የምለውን ከማንም በላይ ይረዳል ብዬ አምናለሁ፤ በተረዳው ልክም ከእሱ እጠብቃለሁ።

ጫማው ከየት ይመጣል? ከዚሁ ከአገራችን። ኢትዮጵያ ቆዳ አላት፣ እንደ አንበሳ ያለ የጫማ ፋብሪካ አላት፤ ዱከም ላይ የቻይናው ኋጂያን ከ2012 ጀምሮ ለውጭ ገበያ ጫማ ሲሰፋ ኖሯል። ቤተልሔም ጥላሁን በረባሶን ተመልክታ ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ኩባንያ መሥርታ ከዘነበ ወርቅ ሰፈር ተነሥታ ለዓለም ሸጣለች። ኬንያውያን ደግሞ ኤንዳ የተባለ የሩጫ ጫማ አውጥተዋል፤ የመጀመሪያውን ኢተን ብለው በሯጮቻቸው ከተማ ስም ጠሩት። እኛስ በሯጮቻችን ከተማ ስም በቆጂ የሚባል ጫማ የማይኖረን ለምንድን ነው? ካርቦን የሌለው፣ ቀላል፣ ጭቃ የሚችል የሩጫ ጫማ መስፋት ሮኬት ማምጠቅ አይደለም። በብዛት ከተሰፋ ዋጋው ይወርዳል፤ የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ለውድድር ቀን የሚያውሰው በየቁጥሩ አንድ ሳጥን ቢይዝ የመቱም የአዲስ አበባም ልጅ በእኩል ሶል ላይ ይቆማሉ።

ፋብሪካው፣ ደንቡ፣ በጀቱ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ይገባኛል። እስከዚያው አንድ ነገር ያለ ምንም በጀት ከሚቀጥለው ማጣሪያ ጀምሮ ሊደረግ ይችላል፦ በውጤት መዝገቡ ላይ፣ ከስምና ከሰዓት ቀጥሎ፣ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይሰመርና የጫማው ዓይነትና የሶሉ ውፍረት ይጻፍበት። ዳኛው ማስመሪያ ይያዝ፤ ሯጩ ከመነሣቱ በፊት ይለካ። በሰልባጅ ስኒከር 31 ደቂቃ የሮጠና በካርቦን 30 ደቂቃ ከ40 የሮጠ ልጅ ጎን ለጎን ይታዩ። ከዚያ በኋላ መራጩ ሁለተኛውን ቢወስድ እንኳ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ እያወቀ ይፈርምበት።